የመስመሩ ልክ

ወንድሜ «አምስት» ባይል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። «እታለም፣ መስመራችሁ አይችልም» ብሎ ቢተወው፣ እኔ ስለ መስመር ምን አውቄ፣ «እሺ» ብዬ ወደ ስፌት መኪናዬ እመለስ ነበር። እሱ ግን የተማረ ሰው አይደል፣ ቁጥር ጠራ። ቁጥር ከተጠራ ደግሞ እኔ እለካለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ፊደል ቀስ እያልኩ ነው የማነበው፤ ቁጥር ግን አያመልጠኝም። የደንበኞቼን ወገብ፣ ዳሌና ትከሻ ሁሉ በአንድ ደብተር እጽፋለሁ። ሰፈሩ ውስጥ ማን እንደወፈረ ማን እንደከሳ ከሐኪም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ።

ወንድሜ የመጨረሻ ልጅ ነው። እናታችን «መቋጫ» ትለዋለች፤ ከሱ በኋላ ስላልወለደች ነው። አባታችን ሲሞት መቋጫ ገና ይድህ ነበር። እየሰፋሁ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ውለታ ልቆጥር አይደለም፣ ነገሩ እንዲገባችሁ ብዬ ነው። አሁን በአውሮፕላን ካልሆነ የማይደረስበት ከተማ ውስጥ መሐንዲስ ሆኗል። እግሩ ቤታችን ከረገጠ አምስት ዓመት አለፈው። ሳይደውል የቀረበት እሁድ ግን የለም። ሲደውል ድምፁ ብቻ ነው፣ መልኩ አይመጣም። «የናንተ መስመር ምስል አይችልም» ይላል።

እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ ናት፤ ሁለት ዓመት ሆናት። ጆሮዋ ከብዷል፣ አፍን ጆሮዋ ላይ ካልገጠሙት አትሰማም። ዓይኗ ግን ጉድ ነው። እኔ በመነጽር ክር ማስገባት ያቃተኝን መርፌ፣ እሷ ትራሷ ላይ እንደተጋደመች አስገብታ ትመልስልኛለች።

መቋጫ ሊያገባ እንደሆነ ሲነግረን እናቴ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። «ዓይኔ ሳይፈርስ ልየው» ብቻ አለች። መሄድ እንደማትችል እሷም ታውቃለች። እሷን ጥዬ እኔም አልሄድም።

ነገሩን ያነሣው እሱ ራሱ ነው። ሰርጉ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል አለ፤ የሙሽራዋ ዘመዶች በየአገሩ ስላሉ።

«እንግዲያ እኛም እናያለና» አልኩት።

«እናንተ ጋ አይሠራም፣ እታለም። ቀጥታ ምስል ቢያንስ አምስት ሜጋ ይፈልጋል። እናንተ ሰፈር ሁለትም አይገባ። አትልፉ፣ በኋላ ቀድቼ በፍላሽ እልክላችኋለሁ።»

«አምስት ምን?»

«ሜጋ። ፍጥነቱ ነው። ተይው፣ አንቺ አይገባሽም።»

«በምን ይለካል?»

ሳቀ። «በሜትር አይደለም» አለኝ።

በማግስቱ አስተማሪዋ ቀሚስ ልትለካ መጣች። የድሮ ደንበኛዬ ናት፤ ዋይፋይ ያስገባሁትም በሷና በመሰሎቿ ምክንያት ነው፣ ሞዴሉን ከስልካቸው እየከፈቱ «እንዲህ አድርጊልኝ» ስለሚሉ። መርፌውን ከአፌ አውጥቼ «ሜጋ በምን ይለካል?» ብላት፣ ስልኬን ተቀብላ አንድ ነገር ጫነችበት። ክብ ነገር ናት፣ ውስጧ እንደ ሚዛን የምትወዛወዝ ቀስት አለች። አስተማሪዋ ስትነካት ቀስቷ ተነሣች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተመልሳ ተኛች። አንድ ነጥብ ስምንት።

«ወንድምሽ እውነቱን ነው» አለች አስተማሪዋ። «ሁለት አይሞላም።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ? የሚያውቀውን አስጠሪ።»

በአራተኛው ቀን ያስጠራሁት የመስመር ቴክኒሻን መጣ። ገመድ የመሰለ ቀጭን ልጅ ነው፣ ሱሪው ከወገቡ ላይ እየሸሸ ያስቸግረዋል። «የዋይፋዩ ሳጥን የት አለ እትዬ?» አለኝ። ከብብቴ ቁልፍ አውጥቼ የብረት ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ሳጥኑ በታጠፉት ጨርቆች ላይ፣ ራሴ በክር የሠራሁለትን ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። የስፌት ቤት ብናኝ መኪና ያበላሻል። እኔ ደግሞ ያስገባሁትን ዕቃ በብናኝ አላስበላም።

ቴክኒሻኑ ቆሞ አየው። «እትዬ፣ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?»

«ብናኝ እንዳይገባበት ነው።»

«ብናኝ አይገባም። ዋይፋይም አይወጣም።»

እየሳቀ አወጣው፣ ልብሱን ገፈፈው፣ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አቆመው። ከዚያ ስልኩን ሳጥኑ ላይ ሊለጥፈው ምንም እስኪቀረው አስጠግቶ ለካ። ሠላሳ አንድ።

«ይኸው። ስድስት ሰው ፊልም ያይበታል። እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

«አልፈርምም» አልኩት። «ና፣ እናቴ አልጋ ጋ ለካ።»

«እትዬ፣ ሠላሳ አንድ ነው እኮ የማሳይዎት።»

«ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ የተለካች ሴት ቀሚሷ መቼ እንደሚቀደድ ታውቃለህ? ስትቀመጥ። እኔ የምለካው የሚለበስበትን ነው። ና።»

እያጉረመረመ ተከተለኝ። የእናቴ ክፍል ከኋላ ነው፤ ግድግዳው የድሮ ድንጋይ ነው፣ መስኮት ሲከፈት የሰው ክንድ ሙሉ ውፍረት ይታያል።

«ማነው ይሄ ልጅ? ሐኪም ነው?» አለች እናቴ።

ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ «የመስመር ሠራተኛ ነው፣ ፍጥነት ሊለካ ነው» አልኳት።

«የማንን ፍጥነት? እኔ እንደሆንኩ ተኝቻለሁ።»

ልጁ ሳቁን ዋጠ። ለካ፤ ሦስት አይሞላም። አሁን ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደ ሥራ ባልደረባ ነው ያየኝ። «ድንጋዩ ነው» አለ። «ገመዱ ደግሞ አጭር ነው፣ ሳጥኑ እዚህ ድረስ አይመጣም። እንግዲህ ወይ ሳጥኑ ወደ አልጋው፣ ወይ አልጋው ወደ ሳጥኑ።» ቀልዱን ነበር።

እኔ ግን የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ወደ ግድግዳ ገፍቼ፣ የተሰፋውንም ያልተሰፋውንም ልብስ አንሥቼ መጣሁ። «በራስጌ ያዝልኝ» አልኩት። ምን ያድርግ፣ ያዘ። እናቴን ከነአልጋዋ ኮሪደር ለኮሪደር ስንገፋት «ቀብሬ ነው እንዴ?» ትላለች። የስፌት ክፍሉ መስኮት መንገድ ላይ ነው የሚከፈተው። እዚያ ስትደርስ አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሁለት ዓመት ሙሉ መንገደኛ አላየችም። «ያቺ የዳቦ ቤቱ ሚስት አይደለችም? ምነው እንዲህ አረጀች» አለች ቆይታ። ደስታዋ ነው።

እዚያ አልጋዋ ላይ ሲለካ አሥራ አንድ ሆነ። አሁን ፈረምኩ። ልጁ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ነገረኝ። «መስመር ጥሩ ሲሆን እትዬ፣ ምስሉን ቀድሞ ያጠራቅማል። መሐል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ያጠራቀመውን ያህል ይሄዳል። ቶሎ አያቆምም። አይስጉ።»

ነገሩ ደስ አለኝ። ክርም እንደዚያ ነው፣ ጥቅሉ ተቆርጦም መርፌው ላይ ያለው ጥቂት ይሰፋል።

እኔ ግን አንድ ጊዜ ለክቼ ጨርቅ አልቆርጥም። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እናቴ ትራስ አጠገብ ቆሜ ለካሁ፤ በደብተሬም ከአስተማሪዋ ወገብ ቀጥሎ ጻፍኩ። ጠዋት አሥራ አራት። ቀትር ላይ አሥራ አንድ። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ፊልም ሲከፍት ስድስት። ከስድስት የወረደበት ቀን የለም።

እሁድ ሲደወል ቀድሜ ያነሣሁት እኔ ነኝ።

«ለካሁት» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሜጋውን። ትንሹ ስድስት ነው።»

እሱ ጋ ሳህን ሲነካካ ይሰማኛል። «ማን ለካልሽ?»

«ራሴ ነኛ።»

«እ... አየሽ እታለም፣ አምስት ያልኩሽ ለተራ ቪዲዮ ነው። ቀጥታ ስርጭት አሥር ይፈልጋል።»

«ባለፈው አምስት ነበር።»

«ጥራቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ነው።»

«ደንበኛ ወገቧ ይጨምራል እንጂ ሜትር ሲጨምር አይቼ አላውቅም። ሰርጉ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት።»

«በስምንት ሰዓት አሥራ አንድ ነው። ጽፌዋለሁ።»

«እታለም፣ ምነው እንዲህ ችክ አልሽ?» ድምፁ ተለወጠ። ከዚያ ደግሞ ከአንገት በላይ ሳቀ፤ «እሺ፣ የሚከፈትበትን ሊንክ እልክልሻለሁ» አለ።

ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ደንበኛ «አትለኪኝ፣ በግምት ስፊው» ስትል የምትደብቀው ነገር አለ። ይህን አጥቼው አይደለም። ግን ወንድም ደንበኛ አይደለም።

ሊንኩን አልላከም። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት፣ ሁለቴም «ረሳሁት» አለኝ። የጥሪ ካርዱን ግን ገና በፊት፣ እናቱ ስሙን በወርቅ ቀለም ታየው ብሎ በስልኬ ልኮልኝ ነበር። አስተማሪዋ ቀሚሷን ልትወስድ ስትመጣ አሳየኋት። ግርጌው ላይ በደቃቁ የተጻፈ የባዕድ ፊደል አለ፤ እኔ ጌጥ መስሎኝ ነበር። «ሊንኩ ይኸው እኮ» አለች።

እሱም እኔ የማላነበው መስሎት ነው የላከው። እውነቱን ነው፣ አላነበውም።

የሰርጉ ቀን ስፌት ቤቱን ዘጋሁ። እናቴን አጠብኳት፣ ጸጉሯን አበጠርኩ፣ ሳምንቱን የሰፋሁላትን አመድማ ቀሚስ አለበስኳት። አንገቱ ላይ ትንሽ ዳንቴል አለው።

«ያየኛል እንዴ?» አለች።

«አንቺ ነሽ የምታይው። እሱ አያይሽም» አልኳት ጆሮዋ ላይ።

«ቢሆንም» አለችና ዳንቴሏን አስተካከለች።

አስተማሪዋ ላፕቶፗን አምጥታ ከካርዱ ላይ እያየች ጽፋ ከፈተችልን፤ ፈተና ስለነበረባት «ሲያልቅ ክደኚው» ብላ ሄደች። ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ነው። በልማዴ ስልኬን አውጥቼ ትራሷ አጠገብ ለካሁ። አሥራ አንድ። ጻፍኩት።

ምስሉ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው። ትልቅ አዳራሽ፣ ነጭ ነጭ ወንበሮች፣ አበባ እንደ ጉድ። መቋጫ ከሙሽራዋ ጋር ሲገባ እናቴ እጄን ጨመቀችው። «ወፍሯል» አለች። «ጫማው ደግሞ ጠቦታል፣ አረማመዱን እይው።» እኔ የሙሽራዋን ቀሚስ ነው የማየው፤ ወገቡ ላይ ሁለት ጣት ሰፍቷል፣ ቸኩለው ነው የሰፉት።

ከሙሽሮቹ ወንበር አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ አለች። ካሜራው ወደዚያ ሲጠጋ እናቴ ከትራሷ ተነሣች። ሁለት ዓመት እንደዚያ ተነሥታ አታውቅም።

«ያቺ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

እሷ ናት። ከስድስት ወር በፊት የእናትና የአባታችንን ፎቶ ላኪልኝ ብሎኝ የላክሁለት ነው። ሁለቱንም በትልቁ አሳጥቦ፣ በወርቅማ ክፈፍ አድርጎ፣ ጎን ለጎን አቁሟቸዋል። በመሐላቸው አንድ ሻማ በርቷል።

«አየሽ ልጄን?» አለች እናቴ። «ከአባታችሁ ጎን አስቀመጠኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።» ዓይኗ ሞላ። «ሻማው ግን ምን ያደርጋል? መብራት አላቸው አይደል?»

«ለጌጥ ነው» አልኳት ጆሮዋ ላይ።

መድረኩን የሚመራው ሰውዬ ወረቀት ይዞ ተነሣ። ድምፁ ጥርት ብሎ ነው የሚመጣው። እናቴ አትሰማውም፤ እኔ እሰማዋለሁ።

«ሙሽራችን» አለ፣ «እናትና አባቱን ገና በልጅነቱ ያጣ፣ ማንም ሳይኖረው በራሱ ጥረት እዚህ የደረሰ ወጣት ነው። ወላጆቹ ይህን ቀን ለማየት አልታደሉም። ከመቀመጫችን ተነሥተን ለአንድ ደቂቃ በኅሊና ጸሎት እናስባቸው።»

አዳራሹ ሁሉ ግር ብሎ ተነሣ። ራሱን አቀረቀረ። መቋጫም ተነሣ፣ ከኪሱ መሐረብ አወጣ። ሙሽራዋ ክንዱን ይዛ ታባብለዋለች።

እናቴ ዓይኗን አጠበበች። ያ መርፌ ቀዳዳ የማይስተው ዓይን ከሻማው ወደ ሰዉ፣ ከሰዉ ወደ ፎቶዋ ይሄዳል።

«ለምን ተነሡ?» አለች። «ማን ሞተ?»

ከመቼው ጎንበስ እንዳልኩ አላውቅም። የሳጥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት።

ምስሉ አልቆመም።

የሳጥኑ መብራቶች ጠፍተዋል፣ ገመዱ እጄ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እነሱ ግን እዚያ ቆመው እናቴን ያለቅሷታል። የዚያ ቀጭን ልጅ ነገር ትዝ አለኝ። ቀድሞ ያጠራቅማል፣ ቶሎ አያቆምም። እኔው ራሴ በደንብ ያስለካሁት፣ እኔው ቁም ሣጥን ከፍቼ ያስወጣሁት፣ አልጋ አስነቅዬ ያደረስኩት መስመር ነው። ሄጄ ላፕቶፑና እናቴ መሐል ቆምኩ። ቀሚሴን በሁለት እጄ ዘረጋሁት።

«ዞር በይልኝ እንጂ» አለች። «ምን ሆነሻል?»

«ገመድ ወድቆብኝ ነው፣ ቆይ።»

«ዞር በይ አልኩሽ።»

በጀርባዬ በኩል ጸጥታው ይሰማኛል። የሰው ጸጥታ ድምፅ አለው፤ ሳል አለ፣ ወንበር ይንቋቋል። ከዚያ ሰውዬው «እናመሰግናለን፣ ነፍሳቸውን» ብሎ ሳይጨርስ ተቆረጠ። ዘወር ስል መቋጫ መሐረቡን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀርቷል፣ ግንባሩ ላይ ክብ ነገር ይሽከረከራል። ላፕቶፑን ከደንኩት።

«ምን ሆነ?»

«መስመሩ ሄደ፣ እማዬ» አልኳት ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ።

«መልሺው።»

«አይመለስም። አልቻለም።»

ተመልሳ ትራሷ ላይ ወደቀች። «ወንድምሽ ነግሮሽ ነበር። አይችልም ብሎሽ ነበር። እሱ የተማረ ነው፣ ያውቃል። አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ደረቅ ነሽ። አልጋዬን አስነቅለሽ፣ አጥበሽ አልብሰሽ፣ ልጄን በሩቁ አሳይተሽ ነጠቅሽኝ።»

«አዎ እማዬ» አልኳት ጆሮዋ ላይ። «እሱ ነበር እውነቱን።»

እሁድ ደወለ። እናቴ ነች ያነሣችው። «መስመሩ ከለከለኝ፣ ልጄ» ስትለው እፎይ ሲል ከስልኩ ውስጥ እኔ ድረስ ተሰማኝ። «ምንም አይደል እማዬ፣ ቀድቼ እልክልሻለሁ» አላት፤ ጮክ ብሎ፣ ደስ ብሎት። ስልኩን ተቀብያት ግቢ ወጣሁ።

«አልኩሽ አይደል፣ እታለም?» አለኝ። «አትልፊ ብዬሽ ነበር።»

«አሥራ አንድ ነበር» አልኩት።

«ምኑ?»

«ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ። አሥራ አንድ። ሻማው ጥሩ ነበር። መሐረቡም።»

«ነገርሻት?» አለ፣ ልጅ ሳለ ብርጭቆ ሰብሮ በሚጠይቅበት ድምፅ።

«መስመሩ ተቋረጠ ነው ያልኳት።»

«እታለም፣ ስሚኝ፣ የሙሽራዋ ሰዎች ሌላ ናቸው፣ መጀመሪያ ላይ አንዴ አፌ ሳተና ከዚያ በኋላ መመለሻ...»

«አልሰማህም» አልኩት። «ድምፅህ እየተቆራረጠ ነው።» አልተቆራረጠም ነበር። ዘጋሁት።

እናቴ ወደ ኋላው ክፍል አልመለስም ብላ መስኮቱ ጋ ቀረች። ልብስ ሊለካ ለመጣ ሁሉ ታወራለች። ፎቶዋን ከአባታችን ጎን፣ በወርቅ ክፈፍ፣ ከነሻማው እንዳስቀመጠላት ትነግራለች። ደንበኞቼ «ታድለው፣ እንዲህ ያለ ልጅ» ይሏታል። «ሙሉውን እንዳላይ ግን ይቺ ደረቅ ልጄ» ትልና በአገጯ ወደ እኔ ታመለክታለች።

እኔ ያኔ ተንበርክኬ የሰው ቀሚስ ጫፍ እለካለሁ። አፌ ውስጥ መርፌ አለ። መርፌ በአፍ ይዞ አይወራም።